ከቤንቲዩ የመጣው ደብዳቤ

ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። የወርክሾፑ ቆርቆሮ ጣሪያ እየተደበደበ፣ እኔም ስጮህ ተማሪዎቹም ሲጮሁ፣ ማን ምን እንዳለ በቅጡ ሳንሰማ ዋልን። አሥራ አራት ሠልጣኞች አሉኝ። ባሏ የሞተባት አለች፣ ከሠራዊት የተሰናበተ አለ፣ ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት አለ። ማሰልጠኛው የወሰዳቸው በስድስት ወር ጄኔሬተር ፈተው መግጠም ችለው፣ በእጃቸው ሙያ እንዲያድሩ ነው። የማስተምራቸው በእንግሊዝኛና በተሰባበረ የጁባ ዓረብኛ ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ጁባ ኖሬ ዓረብኛዬ ዛሬም ከገበያ አላለፈም።

ከኛሩዋች ጋር ግን በአማርኛ ነው። ኑዌር ናት፤ ጋምቤላ በስደት አድጋ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከልጇ ጋር ወደ አገሯ ተመለሰች። ዛሬ የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትታ አየችውና «ቲቸር፣ ይሄ ሞተር ናፍጣ ሳይሆን ገንፎ ነው የሚበላው» አለችኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሌሎቹ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። መተርጎም አቃተኝ።

«አንተ» ነው የምትለኝ። «እርስዎ»ን አልለመደችውም፤ እኔም አላረምኳትም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሩዋች ንግግር ነው። የንግግር ልጅ በለው።»

ዝናብ። ሁለት ካንዴላ ተቃጠለ። ራት ማላኪያ ሰፈር፣ አባይነሽ ምግብ ቤት።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሙዲራችን ላዱ፣ የማሰልጠኛው ኃላፊ ማለት ነው፣ እናቱ ታመው ዛሬ ወደ ካምፓላ ሄደ። ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ እንደቆመ አንድ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። ኡስታዝ ይለኛል፣ መምህር ለማለት። «ኡስታዝ፣ ይሄን አንተ መልስላቸው። ተማሪዎቹን የምታውቃቸው አንተ ነህ» አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ።

ከቤንቲዩ የመጣ ነው። እዚያ ያለ አንድ የእርዳታ ሆስፒታል ጄኔሬተሮቹን የሚጠብቅለት አንድ ተመራቂ ይፈልጋል። ሴት ብትሆን ይመረጣል። ግቢው ውስጥ ክፍል ይሰጣታል፣ ልጅ ካላት ይዛ መምጣት ትችላለች፣ በአውሮፕላን እንወስዳታለን ይላል። ስሟን እስከ ግንቦት 24 ላኩልን።

አንብቤ ስጨርስ በሐሳቤ አንድ ስም ብቻ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ነገ እጽፋለሁ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

አልጻፍኩም። ቤንቲዩ በጎርፍ የተከበበ ከተማ ነው ይባላል። ዙሪያውን ውኃ፣ መሀሉ ላይ ሰው። ትንሽ ልጅ ይዞ እንዴት ይኖራል? ላዱ ቢኖር አማክረው ነበር።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከሥራ በኋላ እስከ ሎሎጎ መታጠፊያ ድረስ አብረን ሄድን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ጠዋት ጠዋት ማንዳዚ የሚባለውን ዳቦ በዘይት ጠብሳ ሸጣ ነው ወደ ክፍል የምትመጣው፤ የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ናፍጣ። ልጇ ዕድሜዋ ስድስት ነው። ጎረቤት ትተዋታለች።

ቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ሲሄዱ ልጅቷን በኑዌርኛ እንዳታወራ ከልክላታለች። «ለምን?» አልኳት። «እንዲሁ ነው ቲቸር። ዘንድሮ ኑዌር በዚህ ከተማ ይጠረጠራል፤ ሰው ፊትህን ያይና ቋንቋህን ያዳምጣል። ቤት ገብተን በር ስንዘጋ እናወራለን። በሹክሹክታ።» ከዚያ ሳቀች። «ልጄ ኑዌርኛ ማለት በሹክሹክታ የሚወራ ቋንቋ ይመስላታል።»

እኔም ሳቅሁ። አሁን ብቻዬን ተቀምጬ ሳስበው የሚያስቅ አይደለም።

መታጠፊያው ላይ እንደቆምን ጋምቤላ ስላለው የባሮ ድልድይ አወራችልኝ፣ እኔም ስለ ሰበታ ፋብሪካ፣ ስለ መጀመሪያ ሥራዬ፣ ስለ ጣሊያኑ ትልቅ ሞተር አወራኋት። አንድ ሰዓት ቆመናል። ቤቴ ስገባ ጉሮሮዬን አመመኝ። ብዙ ማውራት አልለመድኩም ማለት ነው።

ደብዳቤውን ልነግራት አስቤ ነበር። ወሬው እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩት።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ላክሁት። «በዚህ ዙር ለቦታው ብቁ የሆነ ሠልጣኝ አላገኘንም» ብዬ።

አንድ መስመር ነው። አልዋሸሁም። አሁን በእርግጥ ገና አልተመረቁም። በሥራ ላይ የሚመጣውን ብልሽት ሁሉ አላዩም። መምህር ኃላፊነት አለበት።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ኛሩዋችን ጠርቼ ስትመረቅ ረዳት አስተማሪ እንድትሆን ላዱን እንደምጠይቅላት ነገርኳት። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «ቲቸር፣ እኔ? አስተማሪ?» ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች።

እንዲህ ያለ የሥራ ቦታ የለም። ግን ላዱ ጥሩ ሰው ነው፤ ሊፈቅድ ይችላል። ይኸው፣ ለእሷ የተሻለ ነገር አገኘሁላት። ለምን ደስ እንዳላለኝ አላውቅም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አባይነሽ ቤት። ጀርባዬን ሰጥቼ ስበላ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት የኛ አገር ነጋዴዎች ድምፅ ተሰማኝ።

«አስተማሪው ከፈለ እኮ ያቺን የኑዌር ልጅ ይዟታል አሉ።»

«ምን ያድርግ፣ ሚስቱ ሌላ ካገባች ስንት ዓመቷ።»

ሳህኔን ትቼ ወጣሁ። ልጄ ፀሎት ኛሩዋችን የምትበልጣት በአንድ ዓመት ነው! አንድም ቀን በእንዲያ ዓይን አይቻት አላውቅም። ይሄን እዚህ የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው፣ መዋሸትም ስለማያስፈልገኝ ነው። የምፈልገው ከእሷ ጋር ማውራት ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ምን ኃጢአት አለው?

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ፀሎት ጋ ደወልኩ። ባንክ ነው የምትሠራው፣ አዲስ አበባ። «አባ፣ ደህና ነህ? ደንበኛ ፊቴ ቆሟል፤ ማታ ልደውልልህ?» አለች። ማታ ረሳችው መሰለኝ። እንዳይከፋት አልደወልኩላትም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ላዱ ተመለሰ። እናቱ ተሽሏቸዋል። ስለ ደብዳቤው ጠየቀኝ። «መለስኩላቸው» አልኩት። «ማንን ላክህ?» ሲለኝ ስልኩ ጮኸ። አመስግኜ ወጣሁ። ማንን እንዳመሰገንኩ እንጃ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

የሆነው ሆነ።

ለማሰልጠኛው ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ላዱ ጋ ጻፉ። የቤንቲዩው ሆስፒታልም ከእነሱ ጋር የሚሠራ ነው፤ እኔ አላወቅሁም። «የራሳችሁ አስተማሪ ከአሥራ አራት ሠልጣኝ አንድም ብቁ የለም ካለ፣ የጄኔሬተር ሥልጠናውን የምንቀጥልበት ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል።

ላዱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አዞረልኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እውነት ነው? አንድም የለም?»

«ጥብቅ መሆን ፈልጌ ነው» አልኩት። «ሆስፒታል ነው። ስሕተት ሰው ይገድላል።»

«ሦስቱ ባለፈው ወር የዚህን ግቢ ጄኔሬተር ያለ አንተ ጠገኑ። አንተው ነህ የነገርከኝ።»

የሚቀጥለው ዙር ሠልጣኞች ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሃያ ስም። ከአንዱ ስም ጎን «አራት ልጆች፣ ዓይነ ስውር እናት» የሚል አየሁ። አንብቤ ዓይኔን መለስኩ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ሰምተዋል። ከየት እንደሰሙ እንጃ።

ክፍል ስገባ ማንም አልተነሳም። አንድ እግሩን ጦርነት የወሰደበት ዋኒ ክራንቹን ተደግፎ ቆመ። ዋኒ ከባሪ ጎሳ ነው፣ የዚሁ የጁባ ልጅ፣ በጣም ጨዋ። በዝግታ፣ እንዲገባኝ ብሎ፣ በዓረብኛ ተናገረ። «ኡስታዝ፣ አሥራ ሁለት ሞተር አስነሥቻለሁ። ቆጥሬያለሁ። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው ያስነሣኋቸው። ብቁ አይደለሁም?»

«ብቁ ነህ» አልኩት።

«ታዲያ ለምን አይደለህም ብለህ ጻፍክ?»

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስለ ሞተር ባልቦላ መጻፍ ጀመርኩ። ስዞር ግማሹ ክፍል ባዶ ነበር። ኛሩዋች አልወጣችም። ወለል ወለሉን እያየች ተቀምጣለች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ ትምህርት የለም። መሣሪያ ልቆጥር ብዬ ወርክሾፑን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኛሩዋች መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ነው ያናገረችኝ።

«ቲቸር፣ ቤንቲዩ ሆስፒታል ሰው ጠይቆ ነበር?»

«አዎ።»

«ሴት ብሎ?»

«ሴት ብትሆን ይመረጣል ብሎ።»

«ልጅ ካላት ትምጣ ብሎ?»

ወረቀቱን ማን እንዳሳያት አልጠየቅሁም። «አዎ» አልኳት።

«እኔ አልችልም ነበር?»

«ከሁሉም በላይ ትችያለሽ።»

«ታዲያ?»

ስለ ጎርፉ ነገርኳት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ወባ። ያሰብኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ደረደርኩት፤ ለአርባ ቀን ለራሴ ስደጋግመው ስለቆየሁ አንዱም አልጠፋኝም። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ጎርፉን እኔ አላውቀውም? ዘመዶቼ እዚያ ናቸው። ለምን አልጠየቅከኝም? ‹ኛሩዋች፣ ትሄጃለሽ ወይ› ማለት ምን ይከብዳል?»

የቆጠርኩትን ቁልፍ እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

«ረዳት አስተማሪ ያልከውስ? ላዱን ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ሥራ የለም አለኝ።»

«እኔ ልንገርህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ቤንቲዩ በኑዌርኛ ይጮሃሉ። ገበያ ላይ ይጮሃሉ፣ መንገድ ላይ ይጮሃሉ። ልጄ ነፍስ ካወቀች ያንን ሰምታ አታውቅም። አንተ አማርኛ የሚያወራህ ሰው እንዳታጣ ብለህ፣ እኔን ከቋንቋዬ አስቀረኸኝ።»

«አይደለም» አልኳት። ያልኩትን ሰማሁት። የምታምነው ነገር አልነበረም፤ እኔም ብሆን አላምነውም።

«ኸላስ፣ ኡስታዝ» አለችኝ። በቃ ማለቷ ነው። በዓረብኛ ስታናግረኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ሄደች።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ክፍል መጥታለች። ሥራዋን ትሠራለች። በአማርኛ ስጠይቃት በዓረብኛ ትመልሳለች። «ቁልፉን አቀብይኝ» አልኳት፤ አቀበለችኝ፤ «ተፈደል» አለች። እንካ እንደማለት፤ ለሱቅ ደንበኛ፣ ለማንም፣ ለማያውቁት ሰው የሚባል።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

እንደዚያው። ከማክሰኞ ወዲህ አንድም የአማርኛ ቃል ከአፌ አልወጣም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ለራሴ ጮክ ብዬ «ደህና አደርክ?» አልኩ። እንዳበድኩ እንዳይመስለኝ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ማታ አባይነሽ ምግቡን አቀረበችልኝና እንደ ልማዷ አልሄደችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከጎንደር መጥታ አሥራ አራት ዓመት ምግብ ቤት ያቆየች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት።

«ምን አደረግካት?»

«ማንን?»

«ከፈለ፣ እኔን አትጠይቀኝ። ልጅቷ ከዚህ ዘይት ትገዛ ነበር፤ ‹ጋሽ ከፈለ እንዴት ነው› ስላት ፊቷን አዞረች።»

ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ። ሌላው እንግዳ ሒሳብ ሲጠራት እንኳ አልተነሳችም። ስጨርስ ሐሜተኞቹ ያሰቡት ነገር ቢሆን ይቀል እንደነበር ነገረችኝ። «እሱን ሰው ያውቀዋል፣ ያልፋል። አንተ ግን የአሥራ አራት ሰው ስም ነው ያጠፋኸው። የጻፍከውን ሌላ ሰው አይሰርዘውም። አንተው ጻፍ።»

«ከሥራ ያስወጡኛል።»

«ያስወጡሃ።»

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ጻፍኩ። ለገንዘብ ሰጪዎቹና ለሆስፒታሉ ነው። አራት ጊዜ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ስለ ጎርፉ ነበር። ሁለተኛው ስለ ጤንነቴ። ሦስተኛው ይቅርታ ብቻ ነበር፣ ምን እንዳደረግሁ የማይል። አራተኛው ምን እንዳደረግሁ ይልና ለምን እንደሆነ አይልም።

አምስተኛው እንዲህ ይላል፤ «ግንቦት 24 የላክሁት መልስ ውሸት ነው። ከአሥራ አራቱ ቢያንስ ዘጠኙ ብቁ ናቸው። ከሁሉም የተሻለችው ኛሩዋች ናት። ስሟን ያልላክሁት እንድትሄድብኝ ስላልፈለግሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሠልጣኞቹም የማሰልጠኛውም አይደለም። የማታምኑኝ ከሆነ ሰው ልካችሁ ፈትኗቸው።»

ላዱ ፊት አነበብኩት። «እንድትሄድብኝ» የምትለውን በእንግሊዝኛ ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ላዱ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን እንዳጻፈህ አልጠይቅህም» አለ። «ዘግይተሃል። ግን እልከዋለሁ።»

«እኔስ?»

«ታስተምራለህ፤ ሌላ ጄኔሬተር የሚያስተምር ሰው የለኝም። ከእንግዲህ ግን ስም የምትመርጠው አንተ አይደለህም። ሠልጣኙ ራሱ ያመለክታል፣ ሦስት ሰው ይፈርማል። ማስጠንቀቂያውንም በጽሑፍ እሰጥሃለሁ።»

ከዚያ ክፍል ገብቼ ለሁሉም ተናገርኩ። በዓረብኛ። ቃል ሲጠፋኝ ቆምኩ፣ ፈለግሁ፣ ቀጠልኩ። «ከዘብ» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ውሸት ማለት ነው፤ ገበያ ላይ ነው የተማርኩት። «ከዘብኩ» አልኩ። አንዲት ሴት ሰዋስዉን አረመችኝ። ማንም አልሳቀም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ፈታኙ መጣ። የሆስፒታሉ ሰው ነው፣ ቁጥብ ኬንያዊ። ሦስት ጄኔሬተር አበላሽቶ አቆመና እኔን ከግቢው አስወጣኝ። አጥር ውጭ፣ ከውኃ መኪናዎቹ ጋር ቆሜ ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። አንዱ ተነሳ። ዝም። ሌላው ተነሳ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።

ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ አለፉ። ኛሩዋች አንደኛ፣ ዋኒ ሁለተኛ። የቤንቲዩው ቦታ እስካሁን አልተያዘም ነበር፤ ለእሷ ሆነ። ዋኒን ደግሞ ረጃፍ ላይ የአትክልት እርሻ ያላቸው ሰዎች ለውኃ ፓምፖቻቸው ጠይቀውታል። ሥልጠናው ይቀጥላል ተብሏል። ሃያዎቹ ይገባሉ።

ዋኒ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን በክራንቹ ነካ አደረገ። እሷ ከሴቶቹ ጋር እየተቃቀፈች ነበር። ወደ እኔ አላየችም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ዛሬ ሄደች። አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድኩም፤ አልተጠራሁም። ወርክሾፕ ገብቼ አንድ ካርቡራተር አጠብኩ። አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በላያችን አለፈች፤ የእነሱ ትሁን አትሁን አላውቅም። ቀና ብዬም አላየሁ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

የተሰናበተችኝ ትላንት ነው። ሁሉንም በተራ ስትጨብጥ እኔንም ጨበጠችኝ። ለሌሎቹ ያለችውን አለችኝ፣ በዚያው ድምፅ። ቅር አላለኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ቅር ብሎኛል።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አዲሶቹ ገብተዋል። ሃያውም። አማርኛ የሚያውቅ የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ላዱ እየሮጠ መጣ። ስልኩን ሰጠኝ። ኛሩዋች ናት። የሆስፒታሉ ትልቁ ጄኔሬተር ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ይነሳና በደቂቃ ይጠፋል፤ በትንሹ ተክተውታል፤ እሱ ግን የቀዶ ጥገና ክፍሉን አይችልም፤ አንዲት ሴት ምጥ ላይ ናት። ይሄን ሁሉ በዓረብኛ ነገረችኝ፣ ፈጠን እያለች።

አየር ስቧል። አየሩን አውጥታለች፣ ከላይኛው ብሎን። እኔ ያላስተማርኳት፣ ያ ሞዴል ከፓምፑ በስተጀርባ፣ ከሥር፣ ሌላ ብሎን አለው። እዚህ እንዲያ ያለ ሞተር ስለሌለ አሳይቻቸው አላውቅም።

«ወራ» አልኳት። ኋላ። «ተሕት» አልኳት። ሥር። ከዚያ «ብሎኑን ግማሽ ዙር ብቻ አላልተሽ፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቂ» የሚለው ጠፋኝ። አረፋ በዓረብኛ ምንድን ነው? አማርኛው ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው ይገባት ነበር። እሷ ግን ጠበቀች። እኔም በአማርኛ አልነገርኳትም፤ አልፈቀደችልኝም፣ ያልሰጠችኝን ልሰርቅ አልፈለግሁም። «ሀዋ» አልኳት፣ አየር። «ሽወያ፣ ሽወያ» አልኳት፣ ቀስ በቀስ። ላዱ አጠገቤ ሆኖ የቀረውን ሞላልኝ።

ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው። ኮቴ፣ ብረት፣ የሴቶች ድምፅ። በኑዌርኛ ይጮሃሉ። እውነትም ይጮሃሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ስትስቅ ሰማሁ፤ የእሷ ትሁን የሌላ አላውቅም። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። አልጠፋም።

«ሹክራን፣ ኡስታዝ» አለችና ዘጋች።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹን የት መሥራት እንደሚፈልጉ አንድ በአንድ ጠይቄ መዘገብኩ። አብዛኞቹ ሩቅ ቦታ ነው የጠሩት። ቶሪት፣ ያምቢዮ፣ ዋው። ጻፍኩት።

ዛሬ ለፀሎት ደወልኩ። እሑድም ሥራ ላይ ናት፤ ስብሰባ ይመስላል፣ ሰው ያወራል። «አባ፣ ሰላም ነው? ቆይቼ ልደውል?» አለች።

እሺ ልል ነበር። ስድስት ዓመት እሺ ብያለሁ።

«ብቻዬን ነኝ፣ ፀሎት» አልኳት። «በጣም ብቻዬን ነኝ። በዚህ ምክንያት አንድ መጥፎ ነገር ሠራሁ። ልነግርሽ ፈልጌ ነው።»

ስልኩ የተዘጋ መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣ እርምጃ ሰማሁ፣ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ፣ የሰዎቹም ወሬ ጠፋ።

«ወጣሁ አባ» አለችኝ። «ንገረኝ።»